የቆዩ የሞዴል ባቡር ፉርጎዎችን መሰብሰብና ማደስ፦ ከግዢ እስከ ሀዲድ

የቆየ የሞዴል ባቡር ፉርጎ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያምራችሁ ማጠብ ነው። አትጠቡት። ዛሬ አይሆንም። አቧራው ነገም እዚያው ይጠብቃችኋል፤ በሳሙና የተላጠ የሰባ ዓመት ህትመት ግን አይመለስም። መጀመሪያ የያዛችሁት ምን እንደሆነ እወቁ። ከዚያ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ሥሩ።

እዚህ የምናወራው ስለ ፉርጎ ነው፤ ሞተር ስላለው ሎኮሞቲቭ አይደለም። ለጀማሪ ፉርጎ ይሻላል ባይ ነኝ። ሽቦው ጥቂት ነው፣ ብዙውን ጊዜም ጭራሽ የለውም። የሚፈታው ክፍልም በጣት የሚቆጠር ነው።

ምን እንደምትሰበስቡ ወስኑ

ያገኘውን ሁሉ የሚገዛ ሰው መጨረሻው እርስ በርሱ የማይያያዝ የፉርጎ ክምር ነው። ልኬት፣ አምራች ወይም ዘመን ምረጡ። ከሦስቱ ልኬት ይቅደም።

ልኬት ሞዴሉ ከእውነተኛው ፉርጎ ስንት ጊዜ እንዳነሰ ይነግራችኋል። ጌጅ ደግሞ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት ነው። ሁለቱን ማምታታት ገንዘብ ያስወጣል። ኤች ኦ ልኬቱ 1፡87 ነው፤ የሚሄደውም በ16.5 ሚሊሜትር ሀዲድ ላይ ነው። የእንግሊዞቹ ኦኦ 1፡76 ሆኖ በዚያው በ16.5 ሀዲድ ይሄዳል። አንድ ላይ መንዳት ይቻላል፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አንዱ ገዝፎ ይታያል። ኦ ጌጅ 32 ሚሊሜትር ነው፤ ልኬቱ አሜሪካ 1፡48፣ ጀርመን 1፡45፣ እንግሊዝ 1፡43.5 ነው። ኤስ 1፡64 ነው። ኤን በ9 ሚሊሜትር ሀዲድ ላይ ይሄዳል።

አምራቾቹን በአጭሩ። የጀርመኑ ማርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕዚግ ባዛር ላይ ቁጥር የተሰጣቸው የሀዲድ ስፋቶችን ይዞ ቀረበ፤ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ ላዮኔል በ1900 ኒውዮርክ ላይ ተጀመረ። እንግሊዝ ውስጥ ሆርንቢ በ1920 የኦ ጌጅ ባቡሮችን፣ በ1938 ደግሞ ደብሎ የተባለውን ትንሹን መስመር አወጣ። አሜሪካን ፍላየር በ1946 ወደ ኤስ ተሻገረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት ፉርጎዎች በአብዛኛው ቆርቆሮ ናቸው። ከዚያ በኋላ ፕላስቲክ ገበያውን እየወሰደ ሄደ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባበት ሰው ከ1945 እስከ 1969 የተሠሩት የላዮኔል ፉርጎዎች ወይም የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ኤች ኦ ፉርጎዎች ይመቻሉ። በብዛት ስለተመረቱ ምትክ ዕቃ ይገኝላቸዋል። ህትመት ያለበት የጥንት ቆርቆሮ በጣም ያምራል። እጅ ለመፍታት ግን እሱን አትጀምሩበት።

ከመክፈላችሁ በፊት መርምሩ

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ማግኔት፣ ማጉያ መነጽር፣ የእጅ ባትሪና ካሊፐር ነው። የአልትራቫዮሌት ባትሪ ካላችሁ ደግሞ እሰየው።

ማግኔቱን አስጠጉ። ከያዘ ብረት ወይም ቆርቆሮ ነው። ካልያዘ ደግሞ ዚንክ፣ ናስ፣ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ነው። ይህን ማወቅ በኋላ በምን እንደምታጸዱትና በምን እንደምታጣብቁት ይወስናል።

ዚንክ ከሆነ ልብ በሉ። በ1920ዎቹና 30ዎቹ በተሠሩ፣ በቅርጽ ውስጥ በፈሰሱ የዚንክ ክፍሎች ላይ የሚያጋጥም አንድ የማይድን በሽታ አለ፤ የዚንክ ነቀዝ። መነሻው ዚንኩ ሲቀልጥ የተቀላቀለበት ትንሽ እርሳስ ወይም ሌላ ባዕድ ብረት ነው። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ብረቱ ከውስጥ፣ በቅንጣቶቹ መገናኛ መስመር ላይ ይበላል። ምልክቶቹ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ፣ ያበጠ ጠርዝ፣ የተቆለመመ ቦጊ (ጎማዎቹን ተሸክሞ ከፉርጎው ሥር የሚዞረው ክፍል)፣ ከአክስሉ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ናቸው። በጣም ሲብስ በጣት ስትነኩት ይፈረፈራል። ሙጫ፣ ቀለም፣ ዘይት አያድኑትም። ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው አይተላለፍም፤ እሱ ወሬ ነው። ግን የተበላው ክፍል መቀየር አለበት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ምትኩ እንደሚገኝ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይስ ሰው የቀባው? ውጪውን ሳይሆን ውስጡን እዩ። የብሎን ጥርስ ውስጥ ቀለም ከተኛ፣ ቀለሙ ማያያዣ ምላሶቹን አልፎ ከሄደ ወይም በሩ ሲከፈት ሌላ ቀለም ብቅ ካለ፣ በኋላ ተቀብቷል። የቆርቆሮው ምላሶች የታጠፉበት ቦታ ላይ ቀለሙ ደጋግሞ ከተሰነጠቀ ፉርጎው ተፈትቶ ያውቃል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ አዲስ ቀለምና ሙጫ ብዙውን ጊዜ ከአካባቢው ለየት ብሎ ያበራል። ይህ ፍንጭ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ፊደሎቹም ይናገራሉ። ብዙ የላዮኔል የፕላስቲክ ፉርጎዎች ጽሑፋቸው በሙቀት ተጭኖ የታተመ ነው። በማጉያ ስታዩት ፊደሉ በትንሹ ሰርጎ ይታያል። ፊደሉ ላይ ላዩን የተቀመጠ ከሆነ ጠርጥሩ።

ቦጊው ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። ላዮኔል ከጦርነቱ በኋላ በብረት ቦጊዎች ጀምሮ በ1957 የፕላስቲክ ቦጊ ማስገባት ጀመረ። የ1940ዎቹ ሰውነት በፕላስቲክ ቦጊ ላይ ተቀምጦ ካያችሁ አንድ ሰው ቀይሮታል። ለማጫወት ምንም አይደለም። ዋጋው ግን የሙሉ ኦሪጅናል ዋጋ መሆን የለበትም።

ብርቅ በሆነ ቁጥር ጥርጣሬያችሁ ይጨምር። ላዮኔል በ1957 ለልጃገረዶች ብሎ ሮዝ ሎኮሞቲቭና ፈዘዝ ያሉ ቀለማት ያሏቸው ፉርጎዎች አወጣ። አልተሸጠም። ያልተሸጠ ስለሆነም ዛሬ ብርቅ ነው፤ ብርቅ ስለሆነም ተራውን ፉርጎ ሮዝና ሰማያዊ ቀብቶ የሚያቀርብ አይጠፋም።

በፎቶ ስትገዙ የሥሩን፣ የሁለቱን ጫፎችና የማያያዣዎቹን ፎቶ ጠይቁ። ብዙ ጉድ ያለው እዚያ ነው። «የአያቴ ነበር» የሚለው ታሪክ ደስ ይላል፤ የዝገት መጠኑን ግን አይቀንስም።

የጥራት ደረጃ ስትሰሙ በአሜሪካ በ1954 የተመሠረተው የባቡር ሰብሳቢዎች ማኅበር መለኪያ በሰፊው ይሠራበታል። በጣም ከተጎዳው እስከ «አዲስ፣ ያልተነካ» ድረስ ይሄዳል። «በጣም ጥሩ» የተባለ ፉርጎ ጥቂት ጭረት ሊኖረው ይችላል፤ የተሰረጎደ ቦታና ዝገት ግን ሊኖረው አይገባም። ሻጩ «በጣም ጥሩ፣ ትንሽ ዝገት ብቻ» ካለ ደረጃውን አያውቅም፣ ወይም እናንተ እንደማታውቁት ተስፋ አድርጓል። ካርቶኑ ካለ አትናቁት። አንዳንዴ ካርቶኑ ከፉርጎው በላይ ይፈለጋል።

ከመፍታታችሁ በፊት

ከስድስቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ የሚያሳይ ቅርብ ፎቶም ጨምሩ። ከዚያ ከሦስት አንዱን ወስኑ፤ እንዳለ ማቆየት፣ መጠገን ወይም እንደ አዲስ መቀባት።

የኔ መለኪያ ቀላል ነው። ከኦሪጅናል ቀለሙ ግማሽ ያህሉ እንኳ ካለ አይቀባም። ብርቅ ከሆነ ደግሞ ቢላጥም አይቀባም። የሚቀባው በብዛት የሚገኝና ከዚህ በፊት አንድ ሰው በወፍራም ቀለም የለቀለቀው፣ ወይም ዝገት የጨረሰው ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ ለቤትና ለአሻንጉሊት በሚውል ቀለም ላይ የእርሳስ እገዳ ያወጣችው በ1978 ነው። ስለዚህ የቆየ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም። ሁልጊዜ አርጥባችሁ፣ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ሥሩ። የሥራ ጠረጴዛችሁ የምግብ ጠረጴዛ አይሁን።

መፍታት

በልኩ የሆነ ካቻቢቴ ተጠቀሙ። ሰፊው የብሎኑን ጥርስ ይበላል፣ ጠባቡ ያንሸራትታል። ያልላላ ብሎን ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጉና እስከ ማግሥቱ ተዉት።

ቆርቆሮ ፉርጎ የሚያያዘው በታጠፉ ምላሶች ነው። ምላስ በታጠፈና በተቃና ቁጥር ይደርቃል፤ ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ ይቀነጠሳል። ስለዚህ ቀጭን ካቻቢቴ ከሥሩ አስገብታችሁ ከቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ብቻ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ማድረግ አያስፈልግም። ውስጡ ምንም ሥራ ከሌለው ደግሞ ባትፈቱት ይመረጣል። በሪቬት የተያዘ ቦጊም ካልተሰበረ ባለበት ይቆይ።

የወጣውን ሁሉ በትንንሽ ከረጢት ለዩና ከየት እንደወጣ ጻፉበት። ሞላዎች ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ተፈናጥረው ከሄዱ በኋላ የሚገኙት ቤት ሲቀየር ነው።

ማጽዳት

አብዛኛው ፉርጎ ከዚህ ምዕራፍ ወደፊት መሄድ አያስፈልገውም። በደንብ የጸዳ የቆየ ፉርጎ ያልጠበቃችሁትን ያህል ያምራል።

ሁልጊዜ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጀምሩ። ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። አቧራ ላይ ውሃ መጨመር ጭቃ መሥራት ነው፤ ጭቃው ደግሞ ይቧጭራል።

ህትመት ያለበት ቆርቆሮ ከሆነ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ ለስላሳ ሳሙና አርጥቡ፣ ጨምቁት፣ ከዚያ አትፈትጉ፣ አንከባሉት። ጥጡን እዩት። ግራጫ ወይም ቡኒ ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ ቀጥሉ። ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ህትመቱን እየወሰዳችሁ ነው፤ እዚያው አቁሙ። የጣት ጫፍ ያህል ቦታ አጽድታችሁ ወዲያው አድርቁ። ፉርጎውን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ውሃ በመጋጠሚያው ይገባና ከውስጥ ያዝገዋል፣ እናንተ የምታዩት ከወራት በኋላ ነው። አልኮል፣ አሞኒያ፣ የመስታወት ማጽጃ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የመኪና ፖሊሽ ሁሉም ክልክል ናቸው። ሲጨርሱ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበትን ማይክሮክሪስታሊን ሰም ስስ አድርጎ መቀባት ጥሩ ነው። ያበራዋል፣ ከእርጥበትም ይከላከላል።

ፕላስቲክ ሰውነት ከቦጊው ከተለየ በኋላ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳህን ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ሊታጠብ ይችላል። ውሃው ሙቅ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ፊደሎቹ ላይ ብሩሽ አታሳርፉ፣ በተለይ ነጮቹ በቀላሉ ይለቃሉ። አሴቶንና ቲነር ፖሊስታይሪንን (ብዙ ፉርጎዎች የሚሠሩበትን ፕላስቲክ) ያቀልጣሉ።

ዝገት እንደ ቦታው ይለያያል። አክስልና ያልተቀባ የሥር ብረት ከሆነ አንድ ጠብታ ዘይትና ቁጥሩ አራት ዜሮ የሆነ በጣም ስስ የብረት ሱፍ ይበቃል። ተፈትቶ የወጣ፣ ቀለም የሌለው የብረት ዕቃ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ቶሎ ቶሎ እያያችሁ አውጡት፣ እጠቡት፣ ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት። ዚንክ ግን ኮምጣጤ ውስጥ አይገባም፣ አሲዱ ይበላዋል። ህትመት ላይ ያለ የዝገት ነጥብን ለማጥፋት አትሞክሩ። ሰም ቀቡትና እንዳይሰፋ አድርጉ፤ ነጥቡም የፉርጎው ዕድሜ አካል ነው።

የተሰረጎደና የተሰበረ

የተሰረጎደ ቆርቆሮ በመዶሻ አይመታም። ምት ብረቱን ይለጥጠዋል፣ ቀለሙንም ያፈነዳዋል። ጫፉ የተሞረደ ድቡልቡል እንጨት ከውስጥ፣ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ ጠፍጣፋ እንጨት ከውጪ አድርጋችሁ ግፉ። ከጉድጓዱ ዳር ጀምራችሁ ወደ መሃል ሂዱ። አብዛኛው ሲመለስ አቁሙ። የቀረችውን ትንሽ ለማቃናት ስትሉ ነው ህትመቱ የሚሰነጠቀው።

ለተሰነጠቀ ፖሊስታይሪን ፕላስቲኩን አሟሙቶ የሚያዋህድ ፈሳሽ ማጣበቂያ ምረጡ። ስንጥቁን ግጠሙ፣ ከውስጥ በኩል በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ንኩት፣ ፈሳሹ ራሱ ስንጥቁን ይዞ ይሮጣል። ቶሎ የሚይዘው ሱፐር ግሉ ለዚህ አይሆንም። ትነቱ ዙሪያውን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፣ መጋጠሚያውም ድርቅ ብሎ በኋላ ይሰበራል። ቤክላይት (ጠንካራ የድሮ ፕላስቲክ) ላይ ደግሞ የሚያሟሙት ማጣበቂያዎች አይሠሩም፤ ኢፖክሲ ተጠቀሙ።

የጠፋ በር፣ መሰላል ወይም የፍሬን መሪ በአዲስ ምትክ መተካት ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቅ ነው። ከውስጥ በኩል በማይታይ ቦታ ምልክት አድርጉ።

ጎማ፣ አክስልና ማያያዣ

የብረት ጎማ ላይ የተጋገረውን ጥቁር ቆሻሻ በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጥጥ አንሱ። ለጠነከረው የእንጨት ስንጥር ይበቃል። ቢላ ጎማውን ይቧጭራል፣ ቧጨራውም ቆሻሻ በበለጠ ይሰበስባል።

ኤች ኦና ኤን ላይ በጎማዎቹ መካከል ያለውን ስፋት የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በሚያወጣው መለኪያ ፈትሹ። ጠባብ ወይም ሰፊ ከሆነ ፉርጎው መስመር መቀየሪያ ላይ ይወድቃል፣ እናንተም ሀዲዱን ትወቅሳላችሁ።

በባለ ሁለት ሀዲድ ሥርዓት ግራና ቀኙ ሀዲድ የተለያየ የኤሌክትሪክ ዋልታ ነው። ስለዚህ የብረት ጎማዎቹ በአክስሉ በኩል መገናኘት የለባቸውም። በላዮኔል ባለ ሦስት ሀዲድ ሥርዓት ሁለቱ የዳር ሀዲዶች አንድ ስለሆኑ ይህ ችግር የለም። ጎማው ያልተከለለ የድሮ ፉርጎ ባለ ሁለት ሀዲድ መስመር ላይ ስትጭኑ ሾርት የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይትን በተመለከተ፣ የብረት አክስል በብረት ቦጊ ውስጥ ሲዞር አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት በመርፌ ጫፍ ይበቃዋል። ሹል አክስል በፕላስቲክ ቦጊ ውስጥ ከሆነ ደረቅ ይሁን፤ ግድ ካለ የግራፋይት ዱቄት።

የ1950ዎቹና 60ዎቹ የኤች ኦ ፉርጎዎች ብዙዎቹ ቀንድ የመሰለ የፕላስቲክ መንጠቆ አላቸው። ለመንዳት ከፈለጋችሁ ካዲ በተባለው አምራች ማያያዣ መቀየር ይቻላል፤ ቁመቱን በማያያዣ ቁመት መለኪያ ማስተካከል አትርሱ። የወጣውን ኦሪጅናል ግን ከፉርጎው ጋር በከረጢት አስቀምጡ።

መብራት ያለው ፉርጎ ከሆነ ጨርቅ ለበስ የድሮ ሽቦውን ፈትሹ። ከተፈረፈረ ቀይሩት። አምፖሉን ስትቀይሩ ቮልቱ ካንሰ ይሞቃል፣ የፕላስቲክ ጣሪያም ያጣምማል።

መቀባት ግድ ሲሆን

ከፕላስቲክ ላይ አሮጌ ቀለም ለማንሳት 91 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ብዙ ጊዜ ይሠራል። መጀመሪያ ከውስጥ ሞክሩ። ቀለሙ መለስለስ ሲጀምር በጥርስ ብሩሽ አንሱት። ከእሳትና ከፍንጣሪ ራቁ፣ መስኮት ክፈቱ። ኮስቲክ ሶዳ ለብረት ይሆናል፤ ዚንክና አሉሚኒየምን ግን ይበላቸዋል።

የተራቆተውን እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የጣት ቅባት ላይ ቀለም አይይዝም። ጉድጓድ ካለ በስስ ስቱኮ ሙሉና በውሃ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ፕራይመር ስስ አድርጋችሁ ንፉ፤ ወፍራም ፕራይመር የሪቬቶቹን ምስል ይቀብራል።

ትክክለኛውን ቀለም ለማግኘት ፀሐይ ያልነካውን ቦታ ፈልጉ። ከቦጊው ሥር ወይም ከበሩ ኋላ ያለው ቀለም የፋብሪካውን መልክ ያሳያል። ስፕሬይ ከሆነ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት፣ እጃችሁ ሳይቆም፣ ከፉርጎው ውጪ ጀምሮ ከፉርጎው ውጪ ይጨርስ። አንድ ወፍራም ከመቀባት ሦስት ስስ ይሻላል። ሁለት ቀለም ካለው ፈዛዛው ይቅደም። መድረቁን ለማወቅ አሽትቱት። የቀለም ሽታ ካለ ገና ነው፣ ሁለተኛውን ቀለም ለመከለል የወረቀት ፕላስተር አይለጠፍበትም።

ጽሑፉ በዲካል (በውሃ ተነክሮ በሚለጠፍ ስስ ህትመት) የሚሠራ ከሆነ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ይኑር። ሻካራ ቀለም ላይ የተለጠፈ ዲካል አየር ይይዝና ዳሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። በውሃ ነክራችሁ አንሸራትቱት፣ ቦታው ላይ አስተካክሉት፣ ዲካሉን የሚያለሰልሰውን ፈሳሽ ቀቡትና እጃችሁን ሰብስቡ። ሲኮማተር ያስደነግጣል፤ ራሱ ይተኛል። የቀረ አረፋ ካለ በመርፌ ወግታችሁ ፈሳሹን ድገሙ። የመጨረሻው ቬርኒሽ እንደ ኦሪጅናሉ ይሁን። የድሮ አሻንጉሊት ባቡሮች ብዙዎቹ ያበሩ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ማደብዘዝ መልካቸውን ይቀይራል።

ክብደትና ሙከራ

ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ ይወድቃል። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤች ኦ የሚመክረው 28 ግራም መነሻ ሆኖ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር ርዝመት 14 ግራም መጨመር ነው። 15 ሴንቲሜትር ፉርጎ ወደ 112 ግራም ይደርሳል ማለት ነው። ክብደቱን በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ወለሉ ላይ አድርጉ። የእርሳስ ፍሬ በነጭ የእንጨት ሙጫ አታጣብቁ፤ ሁለቱ ተዋህደው ከጊዜ በኋላ ያብጡና ሰውነቱን ይሰነጥቁታል። ዋጋ ያለው ፉርጎ ከሆነ ደግሞ ምንም አታጣብቁበት፣ የሚወጣ ክብደት ይሁን።

የሁለቱን ቦጊዎች ብሎን እኩል አታጥብቁ። አንዱ ወደ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ ላላ ይበል። ሌላው እንዲዞር ብቻ፣ ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ ጠበቅ ይበል። ያኔ ፉርጎው ወጣ ገባ ሀዲድ ላይ ይረጋል። ከዚያ በእጅ እየገፋችሁ በኩርባና በመስመር መቀየሪያ አሳልፉት፤ ወደ ኋላም ጭምር። ችግር የሚታየው ወደ ኋላ ሲገፋ ነው።

ማስቀመጥ

የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 50 ከመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቁጥሩ በላይ ግን አለመዋዠቁ ይጠቅማል። ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት ሁለቱም መጥፎ ናቸው። ቀጥተኛ ፀሐይ ቀይን ያነጣል፣ ነጭ ፕላስቲክን ያወይባል።

ፉርጎውን አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ጠቅልሉ። ስፖንጅ በጊዜ ብዛት ይፈረፈርና ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢትን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ፖሊስታይሪን ይገባና ያቀልጠዋል። ባለ አረፋው ፕላስቲክም ቀለሙን በቀጥታ ከነካ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ላስቲክ አትጠምጥሙበት።

በዓመት አንድ ጊዜ አውጥታችሁ እዩአቸው፤ በተለይ የዚንክ ክፍሎቹን። ለእያንዳንዱም አንድ ካርድ ይኑር፤ አምራቹ፣ ቁጥሩ፣ መቼ እንደተገዛ፣ ምን እንደተቀየረና በምን ቀለም እንደተቀባ። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ከካርዱ ጋር አያይዙ፤ ፉርጎው ሲሸጥ ወይም ለሌላ ሲተላለፍ አብረው ይሂዱ።